የሚፈራ ወላጅ



የዚህ ትምህርት ቤት የወላጆችና የመምህራን ኅብረት በዓመቱ መዝጊያ ጉባኤ ላይ ቀርቤ እንድናገር በላከልኝ የጥሪ ወረቀት ላይ የተጻፈው ርእስ «ልጆቻችንን እንዴት እናርም?» የሚል ነበር። ኮሚቴው ፈቅዶልኝ ርእሱን ለወጥሁት፤ ስለሚታረመው ልጅ በዐውደ ምሕረትም፣ በመስጊድም፣ በሬዲዮም፣ በለቅሶ ድንኳን ሳይቀር ዘወትር ሲነገር እንሰማለንና፣ ስለ አራሚው ልቡና ግን የሚናገር እምብዛም አይገኝምና፣ ለዛሬ እንኳ ፊታችንን ከልጆቹ መልሰን ወደ ራሳችን ብናዞር ይሻላል ብዬ ነው።

የምናገረው ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜም እመለስበታለሁና ከወዲሁ ልንገራችሁ። በልጅ ላይ የሚወርደው ቁጣና ዱላ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከወላጅ ብርታት ሳይሆን ከወላጅ ፍርሃት ነው፤ በራሱ የሚተማመን ወላጅ ልጁን በፍቅር ለመያዝ አቅም አለው፤ በራሱ የማይተማመን ግን ልጁን ከነፍሱ አብልጦ እየወደደው እንኳ ፍቅሩን ለመግለጥ ይሠጋል። እንግዲህ በመጀመሪያ ይህ ፍርሃት ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥሎ በቤታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም በምን እንደሚለቀን እናያለን።

ከምንጩ እንነሣ። እዚህ የተቀመጣችሁ አያቶች እንደምታስታውሱት፣ በቀድሞው ዘመን አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጅዋን በወለደች ጊዜ፣ በክርስቲያኑ ቤት ወንድ እንደ ሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት እንደ ሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ፣ በሙስሊሙም ቤት አርባ ቀኑ እስኪሞላ ድረስ፣ አራስ ቤቱ ከሴቶች እጅ አይለይም ነበር። አንዷ ገንፎውን ታገነፋለች፤ አንዷ ሕፃኑን ታጥባለች፤ እናቷ ወይም አማቷ ጡት እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሕፃን እንዴት እንደሚታዘልና እንዴት እንደሚባበል እያሳየች ታለማምዳታለች፤ አራሲቱም ይህን ሁሉ በዓይኗ እያየች ትማራለች እንጂ «እኔ እናት ለመሆን እበቃ ይሆን?» እያለች ብቻዋን ስትጨነቅ አታድርም። ዕውቀቱ የመንደሩ ሀብት ነበርና። ልጁም ከፍ ሲል የሚቆጡት ብዙዎች እንደ ሆኑ ሁሉ የሚሸሸግባቸውም ብዙዎች ነበሩ፤ አባት በንዴት አለንጋ ባነሣ ጊዜ ልጅ ሮጦ ከአያቱ ቀሚስ ሥር ይገባል፤ አያትም «ተው ልጄ፣ አንተስ ምን ነበርህ!» ስትል ያ የተነሣ እጅ ይወርዳል። ክርስትና አባትና ክርስትና እናት፣ የጡት አባት፣ አጎትና አክስት፣ ጎረቤትም ሳይቀር የአንዱን ልጅ ሸክም ይካፈሉት ነበር። ይህን ስል ያን ዘመን ገነት አድርጌ ማቅረቤ አይደለም፤ የአለንጋውን ዘመን እንደ ገነት የሚተርክ ሰው ወይ አልተገረፈም፣ ወይ ረስቷል።

ዛሬ ያ ሁሉ ተበትኗል። አዲሲቱ እናት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፊት ለፊቷ ያለው በር የማን እንደ ሆነ እንኳ በወጉ ሳታውቅ ትታረሳለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛዪቱ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል፤ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው፤ በ3 ቀን ውስጥ ሰው ለልጁ ስም ሊያወጣ ይችል ይሆናል እንጂ አባትነትን አይለምድም። የእናቲቱ ፈቃድ ሲያልቅ ሕፃኑ ለሞግዚት ይተዋል፤ ሞግዚቷም ብዙ ጊዜ ራሷ ገና ልጅ ናት። አያት በሩቅ አገር ትሆናለች፤ ምክሯም በስልክ ይመጣል፤ በስልክ የመጣ ምክር ደግሞ የሚያለቅስ ሕፃን አቅፎ እንደ መቆም አይሆንም።

የሚያስደንቀው ነገር ግን ይህ ነው፤ የመንደሩ እጅ ሲሄድ የመንደሩ ዓይን አልሄደም። ረዳቱ ሄደ፣ ፈራጁ ቀረ። ልጅ ባጠፋ ጊዜ በአገራችን የሚሰነዘረው ስድብ «አሳዳጊ የበደለው» የሚል ነው፤ ልጅ መልካም ሲሠራም የሚሰጠው ምርቃት «ያሳደገህ ይባረክ» የሚል ነው፤ በስድቡም በምርቃቱም ፍርዱ የሚያርፈው በሌለበት በወላጁ ላይ ነው። ስለዚህ ወላጅ በታክሲ ውስጥ፣ በማኅበር ቤት፣ በሠርግ አዳራሽ፣ ልጁን ይዞ በተገኘበት ሁሉ ፈተና ላይ እንደ ተቀመጠ ተማሪ ይሠቀቃል። በዚህ ላይ ዘመኑ ሌላ ፈራጅ ጨመረልን፤ በእጃችን የያዝነው ስልክ የሌሎችን ልጆች በልደት ኬካቸው ዙሪያ፣ በምረቃ ካባቸው፣ አምሮባቸውና ተሰልፈው እያሳየ፣ ያልታጠበውን የገዛ ልጃችንን ፊት ባየን ቍጥር እንድናፍር ያደርገናል።

አንድ ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ላንሣ። በሱቅ በር ላይ «ከረሜላ ካልገዛሽልኝ» ብሎ መሬት ላይ የሚንከባለል የሦስት ዓመት ልጅ አለ እንበል። እናቱ ዙሪያዋን ታያለች፤ ባለ ሱቁ ያያል፣ ጋቢ የደረቡት አዛውንት ያያሉ፣ የጎረቤት ሴት ቆማ ትመለከታለች። ከዚያ በኋላ እጇ ወርዶ የልጁን ጭን ይቆነጥጣል። ይህ ነገር በቤቷ ውስጥ፣ ማንም ሳያይ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትስቅበት ነበር፤ ምናልባትም አንሥታ ትስመው ነበር። እንግዲህ ያ ቁንጥጫ ለልጁ ጥፋት የተሰጠ አይደለም፤ ለተመልካቹ የቀረበ ማስረጃ ነው፤ «እኔ አሳዳጊ ነኝ፣ አልተውሁትም» የሚል ማስረጃ። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ልጅ ከምናስበው በላይ ፍርሃታችንን ያሸትታል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ ፍርሃት በቤት ውስጥ ምን ይሠራል? የመጀመሪያው ሥራው ዱላ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አትሰልቹብኝ። ኩርኩሙ፣ ቁንጥጫው፣ ማንበርከኩ፣ በአለንጋ መግረፉ፣ ከዚህም ሁሉ የከፋው በበርበሬ ጭስ ማጠኑ፣ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ቢያንስ አንዱን በገዛ ገላው የማያውቅ ጥቂት ይሆናል። «እኔም ተገርፌ ነው ሰው የሆንሁት» የሚል ብዙ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሰው የሆንኸው በመገረፍህ ነው ወይስ ከግርፋቱ በኋላ ቍስልህን ቅቤ ቀብታ ባባበለችህ እናትህ ነው? ግርፋት ልጅን የሚያስተምረው እውነት መናገርን አይደለም፤ መደበቅን ነው። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ በሚመታበት ቤት ውስጥ ብርጭቆ መሰበሩ አይቀርም፤ ስብርባሪው ከአልጋ ሥር መገኘቱ ነው የሚጨመረው። በበሬው የማይተማመን ገበሬ ጅራፉን ያበዛል እንጂ ትልሙን አያቀናም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ አካልን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። የወንጀል ሕጉም ሕፃንን ማንገላታትን ይከለክላል፤ ተገቢውን ተግሣጽ ግን ለወላጅ ትቶለታል። ተገቢው የቱ ነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከቤታችን ደጃፍ ወዲህ ለህሊናችን የቀረበ ነው፤ ለህሊናም መልስ የሚሰጠው የሚፈራ ልብ ሳይሆን የረጋ ልብ ነው።

«ሰሎሞን በትር አዝዟል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ በየጉባኤው ይነሣልና። የበትሩን ትርጓሜ ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ዳሩ ግን ሰሎሞንን የሚጠቅሱ ሰዎች የሰሎሞንን ልጅ የሮብዓምን ነገር ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። ሕዝቡ ቀንበሩን አቅልልልን ባለው ጊዜ፣ አባቴ በአለንጋ ገርፏችሁ እንደ ሆነ እኔ በባሰው እገርፋችኋለሁ ብሎ የመለሰው፣ በዚያም መልሱ ከ12ቱ ነገድ 10ሩን በአንድ ቀን ያጣው፣ ያው በዚያ ቤት ያደገው ሮብዓም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት አባቶችን፣ ልጆቻችሁን ለቁጣ አታነሣሡ ብሎ እንደሚመክር የምታውቁ ታውቃላችሁ። በቅዱስ ቁርኣንም ስሙን ለአንድ ምዕራፍ የሰጠው ጠቢቡ ሉቅማን ልጁን እያቆላመጠ ይመክረዋል፤ በፍቅር እንደሚመክረው ከቃሉ ለዛ እናውቃለን፤ ዱላ አልያዘም።

ፍርሃት ሁልጊዜ ዱላ ይዞ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ እጁን ሞልቶ ይመጣል። ሁለተኛው ሥራው ይህ ነው። ሊቀ ካህናቱ ዔሊ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ በቤተ መቅደሱ መባ ሲያቃልሉ እያወቀ የገሠጻቸው ከረፈደ በኋላ፣ ያውም በለሰለሰ ቃል ነበር፤ ልጆቹን የፈራ አባት ነበርና። ዛሬም ልጁ እንዳይጠላው ፈርቶ ምንም የማይነፍግ ወላጅ አለ። በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ ሰው ቤት እየሠራች ልጅዋን ለእናቷ ትታ የሄደችውን እናት አስቧት፤ ናፍቆቷና ጸጸቷ በየወሩ በገንዘብ፣ በልብስና በስልክ እየተመነዘረ ይላካል፤ አያቲቱም በተራዋ «የእናቱን ዓይን ሳያይ የሚያድግ ልጅ ነው» እያለች ሁሉን ትፈቅድለታለች። በዚህች እናት ላይ ለመፍረድ የሚደፍር ሰው እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ልጁ የሚፈልገው በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ድምፅ ከነተግሣጹ መስማት መሆኑን፣ የሩቅ እናት «አይሆንም» ብትል እናትነቷ እንደማይቀንስ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ሦስተኛው የፍርሃት ሥራ ከሁለቱ ይልቅ የሚከብደው ነው፤ በልጁ ፈንታ ሕይወቱን መወሰን። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበባችሁ ሁሉ፣ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ፍቅር አልቅሳችኋል፤ እስቲ ደግሞ አንድ ጊዜ የወላጆች መጽሐፍ አድርጋችሁ አንብቡት። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል፤ ስእለቱ የእነሱ ነው፣ ሸክሙን ዕድሜውን ሁሉ የሚሸከመው ግን ልጁ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የዘራቸው ክብር እንዳይጎድል ፈርተው አማች ሲንቁ ሲመልሱ፣ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል በግቢ ውስጥ ተዘግታ ወጣትነቷ ያልፋል። ከእነዚህ ወላጆች አንዱም ልጁን የሚጠላ አልነበረም። ይልቁንም ሁሉም ይወዱ ነበር፤ የወደዱበት መንገድ ግን ፍርሃት የቀደደው መንገድ ነበር። እኛስ በ12ኛ ክፍል ፈተና ዋዜማ በየቤታችን የምንሳለው ስእለት ምንድር ነው? ሥዕል የሚወድደውን ልጅ ሐኪም ካልሆንህ፣ መኪና መፍታትና መግጠም የሚወድደውን ልጅ መሐንዲስ ካልተባልህ ስንለው፣ በዚያ ቃል ውስጥ የእርሱ ተስፋ ስንት እጅ ነው፣ የእኛ ሥጋት ስንት እጅ ነው?

ወደ ሦስተኛውና ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስሁ። ፍርሃቱ በምን ይለቃል?

በመጀመሪያ፣ ፍጹም አለመሆንን በመቀበል ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከቦምብ ለማዳን ከከተማ የወጡና ከእናቶቻቸው የተለዩ ሕፃናትን ሲያክም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ በቢቢሲ ሬዲዮ ለእናቶች ይናገር ነበር። የንግግሩ ፍሬ ነገር ሲጨመቅ፣ ሕፃን ፍጹም እናት አያስፈልገውም፣ በቂ እናት ትበቃዋለች የሚል ነው። ከዚህም አልፎ፣ እናት ቀስ በቀስ፣ በመጠኑ ስታጎድል፣ ልጁ ዓለም በእርሱ ፈቃድ ብቻ እንደማትዞር የሚማረው በዚያ ነው ይል ነበር። ይህ ቃል ለሰነፍ ወላጅ የተሰጠ ፈቃድ መስሎ የሚታየው ይኖራል፤ እኔ ግን እስካሁን ካነበብሁት ሁሉ ለወላጅ ልብ ይህን ያህል የሚያሳርፍ አላገኘሁም። ፍጹም ለመሆን የሚጥር ወላጅ የልጁን እያንዳንዱን ጉድለት የራሱ ክስ አድርጎ ያነበዋል፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ ይቈጣል።

ሁለተኛው ነገር አንቀልባው፣ ማለትም ልጅን ማቀፍና ለልቅሶው መድረስ ነው። ሜሪ ኤይንስዎርዝ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች፣ የ26 ቤተሰቦችን ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር በየቤታቸው እየተገኙ ሲመለከቱ፣ የልቅሶውን ትርጉም የምታውቅለትና የምትደርስለት እናት ያለችው ሕፃን፣ እናቱን ተማምኖ ከጭኗ ወርዶ ዓለምን ለማየት እንደሚደፍር አስተዋሉ። በኋላም በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ ሲያለቅሱ ፈጥኖ የሚደረስላቸው ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው ከሌሎቹ ያነሰ የሚያለቅሱ ሆነው ተገኙ። «አታቅፊው፣ ይሞላቀቅብሻል» ለሚለው ምክር መልሱ ይኸው ነው። የእኛ እናቶች ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁት ነበር፤ ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ እየዋለ፣ ሲያለቅስ ጡት እየተሰጠው ያድጋል። ጉድለታችን ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ከጀርባ ወርዶ ጡት በጣለ ማግሥት፣ ይልቁንም ታናሽ በተወለደበት ጊዜ፣ በድንገት «አሁን ትልቅ ነህ» ተብሎ ፊት ይነሣል፤ ትናንት በእቅፍ የነበረው ዛሬ አባቱ ሲበላ ጥግ ይዞ እንዲቆም፣ እንግዳ ሲመጣ እጅ እንዲያስታጥብ፣ ሳይጠየቅ እንዳይናገር ይታዘዛል። ማስታጠቡና መታዘዙ ደግ ነው፤ ሥርዓት ነውና እኔም እወድደዋለሁ። እቅፉ ግን ለምን አብሮ ተቋረጠ? የስምንት ዓመት ወንድ ልጁን በሰው ፊት ለመሳም የሚያፍር አባት፣ ያፈረው ማንን ፈርቶ ነው? ጉርሻውን እንኳ ለእንግዳ ሰጥቶ ለልጁ የሚነፍግ አለ።

ሦስተኛው ነገር ዕርቅ ነው። እኛ በዕርቅ የታወቅን ሕዝብ ነን፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን በሽማግሌ እናስታርቃለን፣ ባልና ሚስትን እናስታርቃለን፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲባል አንገታችንን እንደፋለን። አባት ያለ ጥፋቱ ለተቈጣው ልጅ ግን ማን ሽማግሌ ልኮለት ያውቃል? «ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ክብርን ያወርዳል» የሚል ሥጋት አለ፤ እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። «ትናንት ማታ ደክሞኝ ነበር፣ ያለ ጥፋትህ ጮኽሁብህ፣ ይቅር በለኝ» ያለ አባት፣ በማግሥቱ «ጥናትህን ሳትጨርስ አትወጣም» ሲል፣ ሲያጠፋም የማያምነው ሲቈጣም የማይበርደው አባት ከሚናገረው ይልቅ ቃሉ ይሰማል። ልጅ የአባቱን ሥልጣን የሚያከብረው ሥልጣኑ ፍትሕ እንዳለው ሲያይ ነው። ስለ ቤት ደንቦች ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥቂት ይሁኑ፣ ዛሬ ተፈቅደው ነገ አይከልከሉ፣ እናትና አባት በልጁ ፊት አይሻሩባቸው።

ከመቀመጤ በፊት ለኅብረቱ አንድ ሐሳብ አለኝ። ፍርሃታችን የመጣው ረዳት ሄዶ ፈራጅ ስለ ቀረ ነው ብያለሁ፤ ረዳቱን ራሳችን ካልመለስነው ማንም አይመልሰውም። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ወጥ ይሠራል፤ ይህ ሁሉ ለሞተ ሰው ቤት ሲደረግ፣ ልጅ ለተወለደበት ቤት ግን ዛሬ በየፎቁ የሚደርስ ያለ አይመስለኝም። በየብሎኩ ያላችሁ ወላጆች በወር አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልታችሁ፣ የልጆቻችሁን ውጤት ለማወዳደር ሳይሆን «እኔን ያቃተኝ ይህ ነው» ለመባባል ብትሰበሰቡ፣ አዲስ የወለደችውንም ተራ ገብታችሁ ብትጠይቋት፣ ልጅዋን ይዛችሁ ሁለት ሰዓት እንድትተኛ ብታደርጓት፣ ከእኔ ዲስኩር የሚበልጥ ሥራ ሠራችሁ። ይህ ማኅበር ያለ አባቶች ግን አይቋቋም፤ ቡናውን ሴቶች አፍልተው አባቶች ስለ ኳስ የሚጫወቱበት ሆኖ ከቀረ እኔ የለሁበትም።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ለጥያቄ ግማሽ ሰዓት እንዳለን ሊቀ መንበሩ ነግረውኛል፤ እናቶች ሁልጊዜ ቀድመው እንደሚጠይቁ ስለማውቅ፣ ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ከኋላ በር አጠገብ ከቆማችሁት አባቶች እጠብቃለሁ።